ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያጨሰው ማጨጃ

የቨርሊን ስቱፕስ ጋራዥ በር ላይ አንድ ጣውላ ተቸንክሯል። ጣውላው ላይ በቀይ ቀለም «ምን እንደሆነ ከመንገርህ በፊት የት አቁመኸው እንደነበር ንገረኝ» የሚል ተጽፏል። ቨርሊን ይህን የጻፈው ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ አንድ ውሸታም ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ሲያጃጅለው ከዋለ በኋላ ነው። ሰውዬው የሳር ማጨጃዬ እንዲሁ በድንገት መነሣት እምቢ አለኝ ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር። ኋላ ሲጣራ ማጨጃው የበረዶውን ወራት ያሳለፈው በቆሎ ጎተራ ውስጥ ሲሆን፣ አየር ማጣሪያው ውስጥ አንዲት አይጥ ከነልጆቿ ሰፍራለች። ቨርሊን አይጦቹን በቆርቆሮ አድርጎ ለደንበኛው አስረከበውና ጣውላና ቀለም ፍለጋ ሄደ።

ቨርሊን አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አርባ ሦስቱን ያሳለፈው በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ኮረብታዎች መካከል፣ ድራይ ፎርክ በሚባል ሸለቆ፣ ጎረቤቶቹ ተቀምጠው የሚነዱትን የሳር ማጨጃ ሲፈታና ሲገጥም ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን አያድርስ። ሰው ማጨጃውን በፒክአፕ ጭኖ ሲመጣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «የት ነበር የቆመው?» ይላል። ፓስተሩ ከአምና የተረፈ፣ የተበላሸ ቤንዚን ሞልቶበት የመጣ ጊዜ «ውሃን ወደ ወይን መለወጥ ይቻላል ብላችሁ ታስተምራላችሁ፤ ይሄን ወደ ቤንዚን የሚለውጥ ግን እኔ አላውቅም» ብሎ ማጨጃውን ከነጭነቱ መልሶለታል። ሰው ሁሉ ይሰደባል፣ ሰው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ እንደሱ የሚጠግን የለማ።

ከሁሉ አበሳውን ያየው ግን ዶይል ክራብትሪ ነው። ዶይል የትምህርት ቤት አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አሁን የቤተ ክርስቲያኑን የመቃብር ኮሚቴ የሚመራ፣ የሚመራው ነገር ካጣ የሚታመም ሰው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማጨጃውን ኩሬው ዳር ቁልቁለት ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ውሃው ደፍቶ አቆመና ከሰዓቱን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ዋለ። እንዲህ ያለ ሞተር ተዘቅዝቆ ከቆየ ዘይቱ ቀስ እያለ ሾልኮ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ዶይል ተነሥቶ ቁልፉን ሲያዞር ያ ሁሉ ዘይት ተቃጠለና ሸለቆው ጭስ በጭስ ሆነ። ሊፈነዳ ነው ብሎ ከነጫማው ኩሬው ውስጥ ዘለለ። የእሳት አደጋ መኪናም መጣ።

ቨርሊን ይህን ታሪክ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጠገበውም። በየግብዣው ያወራዋል፣ በየሰርጉ ያወራዋል፣ የዶይል እናት የተቀበሩ ዕለትም ለቀስተኛው ምሳ ሲበላ አውርቶታል። በየዓመቱ ጭሱ ይወፍራል፣ ኩሬው ይጠልቃል። ሰው ሲስቅ ዶይልም አብሮ ይስቃል፤ ጆሮው ግን ይቀላል።

የቨርሊን ሚስት ኦፓል ያለፈው ኅዳር ላይ ሞተች። አርባ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አብዛኛውንም በጭቅጭቅ። ስለ መስኮት ይጨቃጨቃሉ፣ ኩሽና ገበታ ላይ ስለሚፈታ ካርቡራቶር ይጨቃጨቃሉ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ጨው ይጨቃጨቃሉ፤ ሐኪም ደም ግፊት አለብህ ካለው ጀምሮ ጨውን ከፊቱ እያነሣች ትደብቅበት ነበር። ስትሞት ጨውም መስኮትም ገበታውም የሱ ሆኑ። ቤቱ ጸጥ አለ። ለቨርሊን ጸጥታ ማለት የቆመ ሞተር ነው፤ ሌላ ትርጉም አያውቅለትም።

የተቀበረችው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የመቃብሩ የላይኛው ጫፍ ላይ፣ ሰው ሲወጣው ጉልበቱን የሚይዝበት ዳገት ላይ ነው። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት። የክራብትሪዎች መቃብር ከታች በኩል ስለሆነ «ዶይል ሲመጣ ከላይ ሆኜ ልየው» ብላ ነበር።

እንግዲህ በዚያ አገር ወንድ ልጅ መቃብር ሄዶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሴቶች አበባ ይዘው ይሄዳሉ፣ ማልቀስም ያለቅሳሉ። ወንድ ግን ሥራ ሊኖረው ይገባል፤ ወይ የዘመመ ድንጋይ ያቃናል፣ ወይ አጥር ይጠግናል፣ ወይ ሳር ያጭዳል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው እጁን አጣጥፎ መቃብር አጠገብ ተቀምጦ ከታየ፣ በማግሥቱ ሦስት ሴቶች በፎጣ የተሸፈነ ማካሮኒ ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ፓስተሩም ደውሎ «እንዴት ነህ? የምሬን ነው፣ እንዴት ነህ?» ይላል። ቨርሊን ይህን ጥያቄ ከሞት አብልጦ ይፈራል።

ደግነቱ የመቃብሩን ሳር የሚያጭደው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በነጻ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ። ማጨጃው የኮሚቴው ነው፤ ወንበሩ የተቀደደ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሞተሩ ግን በቨርሊን እጅ የተሞሸረ አሮጌ ማጨጃ። በዚህ ዓመት ሳሩ ሚያዝያ ላይ ሲነሣ ቨርሊን ለማክሰኞው አንድ ነገር ጨመረበት። እኩለ ቀን ሲሆን ማጨጃውን እየነዳ ዳገቱን ይወጣል፣ ኦፓል ድንጋይ አጠገብ አዙሮ ፍሬን ይይዛል፣ ሞተሩን ያጠፋል። የሚያጠፋው ኦፓል የሞተር ጩኸት ስለማትወድ ነው፤ ሞተችም አልሞተች አመሏን ያውቃል። ከዚያ ሳሩ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊቹን እየበላ የሳምንቱን ወሬ ይነግራታል። ማን ከማን ተጣላ፣ ዶይል ምን የሚሉት የሞኝ ሐሳብ አመጣ፣ ቲማቲሙን ምን በላው። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ይቆያል።

በታች በኩል መንገድ አለ። መኪና ሲያልፍ ቨርሊን ብድግ ይላል፤ ካቻቢቴውን ከኪሱ መዝዞ የማጨጃውን ክዳን ይከፍትና ያጎነብሳል። የሚያየው ሰው «ቨርሊን እንደ ልማዱ ሞተር ይጎረጉራል» ብሎ ያልፋል። መኪናው ሲርቅ ክዳኑን ዘግቶ ወደ ወሬው ይመለሳል።

በሚያዝያ ሁለተኛው ማክሰኞ ማጨጃው አጨሰ። ከምሳ በኋላ ቁልፉን ሲያዞር የጭስ መውጫው ማርሚታ አንዴ ሳል ብሎ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ተፋ። ጭሱ ዳገቱን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ የናዲን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አረፈ። ናዲን የኦፓል ታናሽ እህት ናት፤ ከመቃብሩ ፊት ለፊት ትኖራለች፣ የኮሚቴው ጸሐፊም እሷ ናት። አምስት ነጫጭ አንሶላ አጥባ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የጮኸችውን ጩኸት እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ሰማያዊ ጭስ ማለት የሚቃጠል ዘይት ማለት ነው፤ ይህን ለቨርሊን ማንም አይነግረውም። ማጨጃውን ጋራዥ አስገብቶ ዘይቱን ለካ፤ ልኩ ላይ ነው። ዘይት የበዛበት እንደሆነ ብሎ ነበር፣ አልበዛም። ሞተሩን አስነሣው፤ ጭስ የለም። ግማሽ ቀን አሠራው፤ የለም። በሁለተኛው ሳምንት መቃብር ወሰደው፣ እስከ ምሳ አጨደ፣ ከምሳ በኋላ ጭስ። የሞተሩን መተንፈሻ አውጥቶ አጠበ፣ ጋራዥ ውስጥ አስነሣው፤ እንደ ሕፃን ተነፈሰ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ጭስ። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረደ፣ ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን ቀየረ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። በአራተኛው ሳምንት ያው ጭስ።

ቨርሊን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሞተር አላጋጠመውም። ጋራዡ ውስጥ ሲሆን ጨዋ ነው፤ መቃብር ሲደርስ ጋኔን ይገባበታል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ አየው፣ በዘይት ርሷል። ቤንዚኑን ለወጠ። ማጨጃውን በስሙ ሰደበው፣ ስም ስለሌለው በዶይል ስም ሰደበው። የትም ያልደረሰ ነገር ነበር።

በአራተኛው ማክሰኞ ማግሥት ዶይል ራሱ ጋራዡ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጣውላውን እንዳዲስ አነበበና ገባ።

«ቨርሊን፣ ትናንት ቀብር ነበረን።»

«ሰምቻለሁ።»

«ፓስተሩ ስለ መንግሥተ ሰማያት ማውራት ሲጀምር ጭስህ በቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ገባ። ሰዉ ሟች የት እንደገባ መጠርጠር ጀመረ።»

«እሱንስ ድሮም ይጠረጥሩ ነበር» አለ ቨርሊን፣ ቀና ሳይል።

«አትቀልድ። የሟች ሚስት፣ ባልቴቷ፣ ሳል ይዟት ውሃ አጠጥተን ነው የሸኘናት። ሰማህ? ከተማ ያለ አንድ የሳር ኩባንያ ጠይቄ ነበር። ሦስት ማጨጃ ይዘው መጥተው በአርባ ደቂቃ ጨርሰው ይሄዳሉ። በአርባ ደቂቃ! አንተ ቀኑን ሙሉ ነው የምትፈጅበት። እዚያ ላይ ምን ስትሠራ እንደምትውል እግዜር ይወቅ።»

«በጥንቃቄ ነው የማጭደው።»

«ማንን እንዳትቀሰቅስ?»

ቨርሊን በመሳደብ ፈንታ አንድ ብሎን አንሥቶ ይወለውል ጀመር። ይህ በራሱ ዶይልን ትንሽ አስደነገጠው፤ ከቨርሊን አፍ መልስ ጠፍቶ አያውቅም። ዶይል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ፣ ወንድሜ። የመታሰቢያው እሑድ ደርሷል፤ አገር ምድሩ ነው ለሙታኑ አበባ ይዞ የሚመጣው። ከዚያ በፊት ባለው ማክሰኞ እኔ ራሴ ወንበሬን ይዤ መጥቼ አያለሁ። ካጨሰ ማጨጃው ይሸጣል፣ ኩባንያው ይገባል። ካላጨሰ ግን ሞተህ እዚያው እስክትገባ ድረስ እጨድ፣ የሚነካህ የለም። ይሄ ይሁን?»

«ይሁን» አለ ቨርሊን። «ወንበርህን ጠንካራውን አምጣ፤ ከባለፈው ዓመት ወፍረሃል።»

ዶይል ሲወጣ ግን ቨርሊን ባልዲ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ኩባንያው ከገባ ማክሰኞ የለም። ማክሰኞ ከሌለ ዳገቱን የሚወጣበት ምክንያት የለውም፤ ምክንያት ሳይኖረው ደግሞ እንዴት እንደሚወጣው አያውቅም። የሰባ አንድ ዓመት ሰው አበባ ይዞ፣ ሰው እያየው ዳገት ሲወጣ አሰበና ላብ አጠመቀው። ፈርቶ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘይት ሾልኮ እንዳይወጣ የሚያግደው የፒስተኑ ፋሻ። ፋሻ ለመቀየር ሞተሩን እስከ አንጀቱ መዘርገፍ ያስፈልጋል። ቨርሊን ሞተሩን ተሸክሞ ኩሽና ገባ፣ የኦፓልን የክት ገበታ ልብስ፣ ያንን ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ነጭ ጥልፍ፣ ከቁም ሣጥን አውጥቶ ዘረጋና ሞተሩን እላዩ ላይ ዘረገፈው። የጋራዡ ጠረጴዛ ባዶ ነበር። ለምን ይህን እንዳደረገ ቢጠየቅ ብርሃኑ እዚህ ይሻላል ይል ነበር። እውነቱ ግን ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ጩኸቷን እየጠበቀ ነበር፤ ዘይቱ ጥልፉ ላይ ሲፈስ እንኳ የጮኸ የለም። አዲሱን ፋሻ ገጠመ። አሮጌው ምንም አልሆነም ነበር።

ያቺ ማክሰኞ ደረሰች። ዶይል በጠዋት መጥቶ የመቃብሩ በር ላይ ታጣፊ ወንበሩን ዘረጋ፣ ሰዓቱን አየ፣ እግሩን አነባበረ። ቨርሊን ማጨጃውን አስነሣ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ሥራውን ያዘ፤ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ክራብትሪዎችን ዞሮ አጨደ፣ ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ዞራቸው፣ በዶይል ፊት ሲያልፍ ቆቡን አነሣለት። ረፋዱ አለፈ፣ ጠል ደረቀ፣ ማርሚታው ንጹሕ ነው። ዶይል ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ናዲን ከመንገዱ ማዶ በረንዳዋ ላይ ወጥታ ተጣራች።

«ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አለ! ሁለታችሁም ኑ!»

ዶይል ወንበሩን አጠፈ። «በቃ፣ አሸንፈሃል» አለ። «በልቼ ስመለስ የኮሚቴውን ወረቀት እፈርምልሃለሁ። አትመጣም?»

«ሳንድዊች ይዣለሁ። ደግሞ ከላይ ትንሽ የምነካካው ነገር አለ።»

«ምን የምትነካካው አለ? ደህና ሆነ አላልክም?»

«ብላ ወዲያ፣ ባቄላህ ይቀዘቅዛል።»

ቨርሊን ዳገቱን እየበረረ ወጣው ማለት ይቻላል። አዙሮ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቆቡን አውልቆ ሳሩ ላይ ተንደላቀቀ። «ፊቱን ብታዪው!» አላት ለኦፓል። «ሎሚ የዋጠ ነው የሚመስለው። ሞተህ እስክትገባ እጨድ አለኝ፤ በአፉ ተናገረው። ማክሰኟችንን የሚነካት የለም።» ሳንድዊቹን በላ። ስለ ፋሻው ነገራት፤ የገበታ ልብሱን ነገር ግን ዘለለው። አንድ መኪና አለፈ፣ ተነሥቶ አጎነበሰ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሲደርስ ቆቡን አጠለቀ፣ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ቁልፉን አዞረ።

ማርሚታው ሳል አለ። ከዚያ ከሚያዝያ ወዲህ ከታየው ሁሉ የባሰ ጭስ መጣ። ቨርሊን የራሱን ጉልበት ማየት አቃተው። ጭሱ በድንጋዮቹ መካከል እየተጠማዘዘ ወረደ፣ መንገዱን ሞላው፤ ከማዶ በረንዳው ላይ ዶይል ፎጣው ደረቱ ላይ እንደተሰካ ብድግ ሲል በጭሱ ቀዳዳ ታየ።

ቀድማ የደረሰችው ናዲን ናት። የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ እንደያዘች ዳገቱን ወጣችው፤ ዶይል ጉልበቱ እምቢ ብሎት ከኋላ ይጎተታል። ቨርሊን ሞተሩን አጥፍቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

«አበቃልኝ፣ ናዲን» አላት። «ያልነካሁት ነገር የለም። ምኑን እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔ ማጨጃ ይዤ ጋራዥህ ብመጣ መጀመሪያ ምን ትለኛለህ?»

«አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?»

«መልስልኛ፣ አንተ ሰውዬ!»

«የት አቁመሽው ነበር እላለኋ።»

«በል እንግዲህ» አለችና በጨርቁ ወደ ማጨጃው አመለከተች።

ቨርሊን አየ። የማጨጃው አፍንጫ ቁልቁል ወደ መንገዱ ተደፍቷል፤ እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ ወደፊት እንዳይንሸራተት በእግሩ ረግጦ ነው የተቀመጠው። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የማያጨስ፣ ጋራዥ ውስጥ የማያጨስ፣ ከምሳ በኋላ ብቻ የሚያጨስ ሞተር። የዶይል ኩሬ ፊቱ ድቅን አለ። አፉን በእጁ ያዘ።

«ታውቂ ነበር?» አላት ኋላ።

«ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ? የኩሽናዬ መስኮት ግን ወደዚህ ነው የሚያየው። ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ይሄ ጉድ እዚህ ይዘቀዘቃል፣ አንተም እህቴ አጠገብ ቁጭ ብለህ አፍህ አያርፍም። መኪና ሲመጣ ዘለህ የምትደበቅበትንም አያለሁ። የኩሬውንም ወሬ አሥራ አንድ ዓመት ስታደነቁረን ሳልወድ ተማርኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ኖሮ ተመልሰህ ትቀመጥ ነበር?»

ናዲን በጨርቁ ጫፍ የእህቷን ድንጋይ ወለወለች፤ ዘይት ያረፈበት ነበር።

«ዶይል እየመጣ ነው» አለች ሳታየው። «ሞተሩ አልቋል ብትለው ያምንሃል። እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ እንደወደድክ አድርግ።»

የዶይል ማለክለክ ከታች ይሰማል። ሞተሩ አልቋል ቢል ስሙ ይተርፋል፤ አሮጌ ዕቃ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ማጨጃው ይሸጣል፣ ማክሰኞ ይቀራል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ የኩሬው ታሪክ ዛሬ ሞቶ፣ የቨርሊን ታሪክ ዛሬ ይወለዳል፤ ያውም ከነምክንያቱ። ከሁለቱ የቱ እንደሚከብድ ሲመዝን ዶይል ደረሰ። ባቄላ አገጩ ላይ አለ።

«አየህ!» አለ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ። «አየህ! በል ምን እንደሆነ ንገረኝ!»

«ሞተሩ ምንም አልሆነም» አለ ቨርሊን። «እኔ ነኝ። ዘቅዝቄ አቁሜው ነው።»

«ምን አልክ?»

«ልክ እንደ ኩሬህ።»

ዶይል ማጨጃውን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ ቨርሊንን አየ።

«ለስንት ጊዜ?»

«ለአንድ ሰዓት።»

«ሁልጊዜ?»

«ከሚያዝያ ጀምሮ።»

«ምን ስታደርግ?»

የቨርሊን እጅ ከልምዱ ወደ ካቻቢቴው ሄደ። ጫፉን ነካው፤ ከዚያ ባዶውን ተመለሰ።

«ከኦፓል ጋር ምሳ ስበላ» አለ።

ዶይል ሣቀ። እንዲህ ያለ ሣቅ ድራይ ፎርክ ተሰምቶ አይታወቅም። የአንዱን ዲያቆን ድንጋይ ተደግፎ ሣቀ፣ ተንሸራቶ ቁጭ ብሎ ሣቀ። «አሥራ አንድ ዓመት!» ይላል። «በእናቴ ቀብር ላይ! በእናቴ!» ቨርሊን አንገቱን ደፍቶ ሙሉውን ተቀበለው። ይገባዋል፤ ይህን እሱም አልካደም። ሣቁ ሲያልቅ ዶይል ዓይኑን ጠረገና ለመነሣት እጁን ዘረጋ፤ ቨርሊን ጎትቶ አስነሣው።

«እንግዲህ ማጨጃው ደህና ነዋ» አለ ዶይል።

«አዲስ ፋሻ አለው። ካንተ ይሻላል።»

ዶይል ማጨጃው እንዳይሸጥ የኮሚቴውን ወረቀት በናዲን ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ ናዲን ሰደበችው።

የመታሰቢያው እሑድ ሕዝቡ እንደ ልማዱ አበባውን አኑሮ ከትልቁ ዛፍ ሥር በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። የተጠበሰ ዶሮ፣ የድንች ሰላጣ፣ ናዲን ሪባርብ ከሚባል ጎምዛዛ ተክል የጋገረችው ኬክ። ገና ሰው ሁለተኛውን ጭን ሳያነሣ ዶይል ማንኪያውን ብርጭቆ ላይ መታ። አሥራ አንድ ዓመት ተራውን የጠበቀ ሰው እንደሚያወራ አወራ። ጭሱን አመጣ፣ አንሶላውን አመጣ፣ ባልቴቷን አመጣ፤ የጋራዡን ጣውላ ሲጠቅስ ፓስተሩ በሣቅ ታንቆ ጀርባውን መቱት። ቨርሊን አብሮ ሣቀ። ጆሮው ሲቃጠል ይሰማዋል።

«ምን ስታደርግ ነበር እዚያ አቁመኸው?» ብሎ አንዱ ከጫፍ ጮኸ።

ቨርሊን ሹካውን አስቀመጠ። ዶይል አንዴ ወደሱ አየ።

«ሰነፍ ነው» አለ ዶይል። «ተኝቶ ነበራ!» ብሎ ቁጭ አለና የዶሮ ጭኑን ገነጠለ። ሕዝቡ ሣቀ፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ቨርሊን የዶይልን እናት የቀብር ምሳ አስታወሰ፤ ማንም አላስገደደውም ነበር፣ ያኔ ዝም ማለት ይችል ነበር። አፈረ። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በተከታዩ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ማጨጃውን የመቃብሩ በር አጠገብ፣ ትንሽ እንኳ ዘንበል የማይልበት ሜዳ ላይ አቆመ። ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ተወው። ከዚያ ሳንድዊቹን ብቻ ይዞ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። ሁለት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። ግማሹ ላይ ሲደርስ መኪና መጣ፤ ዘወር ብሎ የሚያጎነብስበት ነገር ፈለገ፣ የለም። መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ቨርሊን ሳንድዊቹን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና መውጣቱን ቀጠለ።

ኦፓል አጠገብ ሲቀመጥ ነው ያየው። ከድንጋዩ ጀርባ፣ ከመንገዱ በማይታይበት፣ ቆሞ ለሚያልፍ ሰው እንኳ በማይታይበት ዝቅታ ላይ አንዲት ትንሽ ጣውላ ተተክላለች። ቀለሟ ቀይ ነው፤ ጽሑፉ የዶይል ነው፣ በአውቶብስ እየተንገጫገጨ የጻፈው ይመስላል። «ማጨጃ ማቆም ክልክል ነው። መቀመጥ ይቻላል» ይላል።

ቨርሊን ጮክ ብሎ አነበበላት። ሌላ ማክሰኞ ቢሆን የዶይልን ወሬ ይጀምርላት ነበር። አሁን ግን እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ፤ ከታች መንገዱ ላይ ሌላ መኪና ሲመጣ እየሰማም አልተነሣም።

«ናፍቀሽኛል» አላት፤ እንዲህ ብሏት አያውቅም ነበር። መኪናው አለፈ። እሱም ሳንድዊቹን ገመጠና ጨው አንሶታል አላት።